የአሮጌ ትሬለር ግድግዳ እድሳት፦ ቀለሙ የመጨረሻው ሥራ ነው

ትሬለሬ፣ ማለትም በመኪና እየጎተትን ጉዞ ላይ የምናድርበት ተሽከርካሪ ቤት፣ በፈረንጆቹ 1994 የተሠራ ነው፤ ርዝመቱ 21 ጫማ። ሻጩ በሩን ሲከፍትልን ዓይናችን መጀመሪያ ያረፈው ከኮርኒሱ ሥር ዙሪያውን በተለጠፈ የዳክዬ ሥዕል ባለበት ጥብጣብ ላይ ነበር። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ ብዙ ትሬለሮች ውስጣቸው ይመሳሰላል፤ ግድግዳው ላይ ፈዛዛ አበባ ወይም መስመር ታትሟል፣ ቁምሳጥኑ ቡናማ ነው፣ ከላይ ጥብጣብ ይዞራል። ባለቤቴ "ዳክዬዎቹን አንስተህ ነጭ ብትቀባው እኮ ይበቃዋል" አለችኝ። እኔም ሁለት ጋሎን ቀለም፣ አንድ ቅዳሜና እሑድ ብዬ ገመትኩ። ሥራው ሰባት ሳምንት ፈጀ፤ የፊት ለፊቱን ግድግዳ ደግሞ ሁለት ጊዜ ቀባሁት።

ይህን የምጽፈው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ሆኜ ነው። እዚህ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቀለም ቶሎ ይደርቃል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ በጋው እርጥበት ስላለው እኔ በምጠቅሰው የማድረቂያ ጊዜ ላይ ጨመር አድርጉበት።

ግድግዳው ከምን ተሠራ?

አገር ቤት ግድግዳ ስንል ጭቃም ይሁን ብሎኬት ትከሻ ያለው ነገር ነው። የትሬለር ግድግዳ ግን ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ፕላይውድ ነው፤ አናጺዎቻችን ኮምፔርሳቶ የሚሉት፣ እሱም ቀጭኑ። ፊቱ ላይ ቪኒል ወይም ወረቀት በፋብሪካ ተለጥፎበታል፤ አበባው የታተመው እዚያ ላይ ነው። ከጀርባው ቀጫጭን የእንጨት ሞራሌዎች አሉ፤ በመሃላቸው እንደ ጥጥ ያለ ፋይበርግላስ ተሞልቷል፤ ከውጭ ስስ አሉሚኒየም ይሸፍነዋል። የሁሉም ውፍረት ሲደመር ብዙ ጊዜ ከ2 ኢንች አይበልጥም። ሥዕል ልሰቅል ብሎ ረጅም ብሎን ያስገባ ሰው ጫፉን ውጭ ያገኘዋል።

ሌላ ዓይነትም አለ፦ ውጩ ልሙጥ ፋይበርግላስ፣ መሃሉ ፎም፣ ሁሉም በኮላ አንድ ላይ የተጣበቀ። እዚህኛው ላይ የውጩ ገጽ ካበጠ ኮላው ለቋል ማለት ነው፤ ያ ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ስለሆነ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ባለሙያ ይየው። ኤርስትሪም የሚባለው የአሉሚኒየም ትሬለር ያላችሁ ደግሞ የውስጥ ግድግዳችሁም አሉሚኒየም ስለሆነ ስለ ፕላይውድ የምለውን ዝለሉት።

አንደኛ፦ ውሃው በየት እንደሚገባ ፈልጉ

"ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" የሚባለው ለትሬለር የተባለ ይመስለኛል። ቪኒሉ ውሃ ስለማያሳልፍ ከጀርባው ያለው እንጨት በስብሶ እያለቀ ፊቱ አበባ እንደሆነ ይቀጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ በጣታችሁ ሂዱበት። የመስኮት ሥር፣ አራቱ ማዕዘኖች፣ የጣሪያ መተንፈሻ ዙሪያ፣ የቁምሳጥን ውስጥ የኋላ ግድግዳ፣ የአልጋው ሥር፤ ሰው ዓይኑን የማይጥልበትን ሁሉ ጫን ጫን አድርጉ። ጤነኛ ፕላይውድ ይገፋችኋል። የበሰበሰው እንደ ረጠበ ካርቶን ይገባል፤ አንዳንዴም የመሰንጠቅ ድምፅ ያሰማል።

ጣት የማይደርስበትን የእንጨት እርጥበት መለኪያ ይነግራችኋል። ሁለት መርፌ ያለው ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ርካሹም ለዚህ ሥራ ይበቃል። ከክፈፎቹ ሥር ውጉት፤ ቀዳዳው አይታይም። መጀመሪያ ደረቅ መሆኑን የምታውቁትን ቦታ ለኩና ሌላውን ከእሱ ጋር አወዳድሩ። ከ20 በመቶ በላይ የሚያሳይ ቦታ ካገኛችሁ ቀለሙን እርሱት፤ ገና ውሃ እየገባ ነው።

ውሃው የሚታይበት ቦታ ደግሞ የሚገባበት ቦታ ላይሆን ይችላል። በሞራሌው ላይ ተንሸራቶ ሁለት ሦስት ጫማ ርቆ ይወጣል። ምንጩን ለማግኘት አንድ ሰው ውስጥ ባትሪ ይዞ ይቀመጥ፣ ሌላው ከውጭ የአትክልት ጎማ ይያዝ። ውሃውን ከታች ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ በየደረጃው አምስት አምስት ደቂቃ ቆዩ። ከላይ ብትጀምሩ ውሃው ሁሉንም እያረጠበ ስለሚወርድ በየት እንደገባ አትለዩም። ግፊት ያለው የመኪና ማጠቢያ አትጠቀሙ፤ ደህናውን ማሸጊያ ገልጦ ያልነበረ ቀዳዳ ያመጣላችኋል።

የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነበር። ጣሪያውን አየሁ፣ መስኮቶቹን አየሁ፣ ደረቅ ነው አልኩና ቀባሁ። በሜይ ዝናቡ ሲመጣ በፊት ለፊቱ ነጭ ግድግዳ ላይ ሻይ የተደፋበት የሚመስል ቡናማ መስመር ወረደ። ውሃው ይገባ የነበረው ትሬለሩ ሌሊት መንገድ ላይ እንዲታይ ከውጭ በላይኛው ጠርዝ ከተገጠሙት ትንንሽ ቢጫ መብራቶች በአንዱ ሥር ነበር፤ የባንክ ካርድ እንኳ የማታክል መብራት ናት። ፈትቼ ሳያት ከጀርባዋ ያለው ማሸጊያ ደርቆ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ስለዚህ መብራቶቹን አንድ በአንድ ፈትታችሁ እዩ፤ በካቻቢቴ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ማሸጊያው እንደ ቦታው ይለያያል። ለመስኮት ክፈፍ፣ ለማዕዘን ብረትና ለመብራት ከጀርባ የሚገባው ቡታይል ቴፕ ነው፤ ግራጫ፣ ማስቲካ የመሰለ፣ በጥቅል የሚሸጥ። አሮጌውን በፕላስቲክ ስፓቱላ ሙልጭ አድርጋችሁ ካላነሣችሁ አዲሱ አይዝም። ጣሪያው ጎማ ከሆነ በላዩ ላሉት መተንፈሻዎችና ብሎኖች እንደ ዳይኮር ያለ፣ ሲፈስ ራሱን አስተካክሎ የሚተኛውን የትሬለር ጣሪያ ማሸጊያ ግዙ፤ ለቆመ ግድግዳ ግን የማይፈሰውን ዓይነት። ተራ ሲልኮን ጣሪያው ላይ አታድርጉ። ጎማው ላይ በደንብ አይይዝም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በላዩ ሌላ ማሸጊያ እንዲጣበቅ አይፈቅድም።

ካሸጋችሁ በኋላ ቢያንስ ሁለት ጥሩ ዝናብ ጠብቁ። ዝናብ ከሌለ በጎማው ድገሙት። መለኪያው ደረቅ እስኪል ድረስ የቀለም መደብር በር አትርገጡ።

ሁለተኛ፦ የበሰበሰውን ቁረጡ

ከመቁረጣችሁ በፊት የ120 ቮልቱን ገመድ ንቀሉ፣ የባትሪውን ሽቦ ፍቱ፣ የጋዝ ሲሊንደሩን ዝጉ። በግድግዳው ውስጥ ሽቦዎች በየት እንደሚያልፉ የሚያሳይ ሥዕል የላችሁም፤ ስለዚህ የከተሩን ምላጭ ከፕላይውዱ ውፍረት ብዙም ሳታሳልፉ ሁለት ሦስት ጊዜ እየደጋገማችሁ ቁረጡ። የኤሌክትሪክ መጋዝ አያስፈልግም። ቁራጩ በሁለቱም በኩል ሞራሌ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ እስከ ሞራሌው መሃል ውሰዱት፤ አለበለዚያ አዲሱን የምትይዙበት ቦታ አይኖርም።

ሻጋታ ካገኛችሁ ኤን95 ጭንብልና ጓንት አድርጉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ስፋቱ ከ10 ካሬ ጫማ በታች የሆነን ሻጋታ ባለቤቱ ራሱ ማጽዳት ይችላል ይላል። ከዚያ ከበለጠ ወይም ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ለባለሙያ ስጡ። የሻገተ ፋይበርግላስ አይታጠብም፤ በፕላስቲክ ከረጢት አሥራችሁ ጣሉት። ሞራሌው በካቻቢቴ ጫፍ ሲወጋ ጠንካራ ከሆነ አድርቁትና ይቆይ፤ ከገባላችሁ በጎኑ አዲስ ሞራሌ በኮላና በብሎን ደግፉት።

አዲሱ ፕላይውድ ውፍረቱ ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን፤ መደብር ስትሄዱ የቆረጣችሁትን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ። ጂፕሰም ቦርድ ወይም የሸክላ ንጣፍ የሚያስቡ ሰዎች አጋጥመውኛል። መንገድ ላይ ይሰነጠቃል፣ ክብደቱም ከባድ ነው፤ ትሬለሩ ሊሸከም የሚችለው ክብደት ውጭው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፏል፣ ያንን አንብቡ። የምትጠቀሙት ምስማር ወይም ስቴፕል ከ1 ኢንች አይብለጥ። ዋናውን መያዝ የሚይዘው ኮላው ነው፤ ምስማሩ ኮላው እስኪደርቅ ብቻ ነው።

ስለ ፕላይውድ ካነሣን አንድ ነገር። ከ2005ቱ ካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ መንግሥት ለተፈናቃዮች በሰጣቸው ትሬለሮች ውስጥ ፎርማልዴሃይድ የሚባለው ጎጂ ጋዝ ከፍ ብሎ እንዳለ በ2008 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ምርመራ አሳይቷል። ጋዙ ይወጣ የነበረው እንደዚህ ካሉ ከተጣበቁ እንጨቶች ነው። የ1990ዎቹ ትሬለር ብዙውን ተንፍሶ ጨርሷል፤ አዲስ ስትገዙ ግን ይህን ጋዝ የሚገድበውን የአሜሪካ ሕግ ማሟላቱን የሚያሳየው የቲ-ኤስ-ሲ-ኤ ታይትል 6 ምልክት ያለበትን ምረጡ። ትሬለሩ ከ1978 በፊት የተሠራና ቀድሞ ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ መርዛማው እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ሳትመረምሩ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት።

ሦስተኛ፦ ዳክዬዎቹን ማንሣት

መጋረጃውን፣ መደርደሪያውን፣ የመብራት ክዳኑን ሁሉ አንሡ፤ ብሎኖቹን በየከረጢቱ አድርጋችሁ የየት እንደሆኑ ጻፉባቸው። ጥብጣቡን ለማንሣት ደረቅ አትጎትቱ፤ ከሥሩ ያለውን የግድግዳ ወረቀት ይዞ ይመጣል። የፀጉር ማድረቂያ አንድ ጫማ ያህል ቦታ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያዙበት፣ ጫፉን በጥፍር አንሡ፣ ከዚያ ወደ ራሱ እያጠፋችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ሳቡት። የቀረውን ኮላ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና አርሱት፤ አሥር ደቂቃ ይጠብቅና በፕላስቲክ ስፓቱላ ይነሣል። ኮላው ከቀረ ቀለሙ እዚያ ላይ ይሰነጣጠቃል።

የታተመው ቪኒል በደንብ ከተጣበቀ ግን ተዉት። ሁሉን ልላጥ ብሎ የጀመረ ጓደኛ አለኝ፤ ፕላይውዱ ላይ የቀረው ጸጉራም ወረቀት ከቀለሙ በላይ አድክሞት ግማሹን አዲስ ፕላይውድ ገዝቶ ሸፈነው።

አራተኛ፦ እጥበት

የሰላሳ ዓመት የምጣድ ዘይት ግድግዳው ላይ አለ። በእኛ ትሬለር ደግሞ ቡና ተቆልቷል፣ ዕጣንም ጨሷል፤ የእነሱ ጭስ ኮርኒሱ ላይ ሲነኩት የሚያጣብቅ ቢጫ ሽፋን ይሠራል። (ከሰል ግን ውስጥ በጭራሽ አታስገቡ። በዚህ ጠባብ ቦታ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳያሳውቅ ይገድላል። ቡናው ውጭ ይፈላ።) ቅባት የሚፈታ ማጽጃ በሙቅ ውሃ በጥብጡ፣ በስፖንጅ ከታች ወደ ላይ እጠቡ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አብሱ። ስፖንጁን አጥብቃችሁ ጭመቁ፤ በመጋጠሚያ በኩል ውሃ ከገባ የቀደመው ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ።

አምስተኛ፦ መፈግፈግና መሙላት

220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በቀላል እጅ። የምትፈልጉት ብርሃኑን ማደብዘዝ ብቻ ነው፤ አበባው መጥፋት ከጀመረ አብዝታችኋል። አቧራውን በረጠበ ጨርቅ አንሡት።

የተነፋ ወረቀት ካለ በከተር መሃሉን ሰንጥቁ፣ የእንጨት ኮላ በመርፌ አስገቡ፣ በሰም ወረቀት ሸፍናችሁ በጣውላ ደግፉት። ለምስማር ቀዳዳ ቀላሉ ስቱኮ ይበቃል። በሁለት ሰሌዳ መካከል ያለውን መጋጠሚያ ግን በስቱኮ ሞልታችሁ ልሙጥ ለማድረግ አትድከሙ። ትሬለር በየጉድጓዱ ይወዛወዛል፤ ደረቅ ስቱኮ በመጀመሪያው ጉዞ ይሰነጠቃል። ፋብሪካው በመጋጠሚያው ላይ ቀጭን ክፈፍ የቸነከረው ለዚህ ነው። ክፈፉን አንሥታችሁ ከቀባችሁ በኋላ መልሱት፤ የተሰበረውን በአዲስ ቀጭን እንጨት ተኩት። በማዕዘኖች ላይ የሚለጠጥና ቀለም የሚቀበል አክሪሊክ ማሸጊያ ሥሩና በረጠበ ጣት አስተካክሉት። ንጹሕ ሲልኮን ቀለም አይቀበልም።

ስድስተኛ፦ ፕራይመር

ፕራይመር ቀለሙ እንዲይዝ ከሥሩ ቀድሞ የሚቀባው ነው። ቤት የቀባ ሰው ሁሉ "ቀለሙ ራሱ ፕራይመር አለው ተብሎ ተጽፎበታል" ይላል። ለቪኒል አይሠራም። የሚያስፈልጋችሁ ልሙጥ ነገር ላይ የሚጣበቅ ፕራይመር ነው። በውሃ ከሚሠሩት እንደ ስቲክስ ያለው ሽታው ቀላል ነው፤ እኔ ለአብዛኛው ቦታ እሱን ተጠቀምኩ። የውሃ ቡናማ ምልክት ላለበት ቦታ ግን ሼላክ ከሚባለው ሙጫ የተሠራው ቢ-አይ-ኤን የተባለ ፕራይመር ይሻላል፤ ምልክቱ ወደ ላይ እንዳይወጣ ይዘጋዋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርቃል፤ ብሩሹ የሚታጠበው በአልኮል ነው። ሽታው ኃይለኛ ነው፣ በቀላሉም በእሳት ይያያዛል፤ የማቀዝቀዣውና የውሃ ማሞቂያው የጋዝ ነበልባል መጥፋቱን ሳታረጋግጡ ክዳኑን አትክፈቱ። የጋዝ መጠቆሚያው በሽታው ምክንያት ይጮሃል፤ ሥራው እስኪያልቅ አንሡት፣ ሲያልቅ መመለሱን ግን እንዳትረሱ። በመጠቆሚያው ጀርባ ላይ የተጻፈውን የማብቂያ ቀን እግረ መንገዳችሁን እዩ፤ ብዙዎቹ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ነው የሚያገለግሉት።

ሁሉን ከመቀባታችሁ በፊት ቁምሳጥን ውስጥ አንድ ክንድ ቦታ ቀቡና ቀኑን ሙሉ ተዉት። በማግስቱ በከተር የመስቀል ቅርጽ ጭረት ሥሩበት፣ ፕላስተር ለጥፋችሁ በኃይል ንቀሉት። ቀለም ይዞ ከመጣ እጥበቱ ወይም መፈግፈጉ ጎድሏል።

ሰባተኛ፦ ቀለሙ

ጋሽ የምላቸው አንድ ጎረቤት አሉኝ፤ ኮሎራዶ ከመምጣታቸው በፊት አዲስ አበባ ቀለም ቀቢ ነበሩ። መጥተው ሮለሬን ሲያዩ "ይሄ ለብሎኬት ነው ልጄ፣ እዚህ ብርድ ልብስ ትሠራበታለህ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ልሙጥ ግድግዳ ላይ ጸጉራም ሮለር ነጠብጣብ ይተዋል። 4 ኢንች ስፋት ያለው የስፖንጅ ወይም አጭር ጸጉር ያለው ሮለር፣ ለጠርዝ ደግሞ ጫፉ የተቆረጠ 2 ኢንች ብሩሽ ይበቃል።

በውሃ የሚሠራ አክሪሊክ፣ ሳቲን የሚባለው መካከለኛ ብርሃን ያለው ይሁን፤ ይታጠባል፣ ጉድለትንም እንደ አንጸባራቂው አያጋልጥም። ማት የሚባለው ምንም የማያብረቀርቀው በልጆች እጅ አንድ ወር አይቆይም። እንደ ሐኪም ቤት ከሚያበራ ነጭ ይልቅ ወደ ክሬም ያደላ ነጭ ለጠባብ ቦታ ይስማማል፤ ይህ የእኔ ምርጫ ነው። አንድ ጋሎን ከ350 እስከ 400 ካሬ ጫማ ይሸፍናል። በእኔ ትሬለር መስኮትና ቁምሳጥን ሲቀነስ የሚቀባው ግድግዳ ከ200 ትንሽ የሚበልጥ ነበር። ሁለት ጊዜ ቀብቼ አንድ ጋሎን ጨርሼ ከሁለተኛው ጥቂት ነካሁ።

የአየሩ ሙቀት ከ50 እስከ 85 ፋራናይት ሲሆን ሥሩ። ፀሐይ የሚመታው የአሉሚኒየም ሳጥን ውስጥ ቀትር ላይ ሙቀቱ ከዚያ ብዙ ስለሚያልፍ ጠዋት ጀምሩ። ሁለት ስስ ንብርብር ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ በመካከላቸው አራት ሰዓት ስጡት። ቀዩን የአደጋ መውጫ መስኮት እጀታና ጽሑፉን አትቀቡ፤ የመስኮቱን ጠርዝም በቀለም እንዳትዘጉት ቀለሙ ሳይደርቅ አንድ ጊዜ ክፈቱት።

ጠርዙን ለመከለል የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ ከሆነ ቀለሙ ገና ለስላሳ እያለ ንቀሉት። ቀለሙ ሲነኩት ቢደርቅም ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር አንድ ወር ገደማ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በሳሙና አትጠቡት፣ ትራስና ፍራሽም አታስደግፉበት። እኔ ፍራሹን በሦስተኛው ቀን አስገብቼ የጨርቁን ሽመና ግድግዳው ላይ አትሜበታለሁ።

በራሱ የሚለጠፍ ወረቀት የምትመርጡ ካላችሁ ለአንድ ትንሽ ግድግዳ ያምራል። ክረምት በቅዝቃዜ፣ በጋ በሙቀት ጠርዙ ስለሚነሣ በክፈፍ ያዙት፤ ከምድጃው አጠገብ ግን አታድርጉት።

ክፈፎቹንና መጋረጃውን ከመለሳችሁ በኋላ ከቀረው ቀለም ትንሽ በጠርሙስ አድርጋችሁ ከሥራ ዕቃው ጋር ያዙ። ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለሱ ማዕዘኖቹን በባትሪ እዩ። እኛ ከኤስተስ ፓርክ ስንመለስ ከበሩ በላይና ከአልጋው ራስጌ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አገኘሁ። ማሸጊያውን በጣት፣ ቀለሙን በልጄ የሥዕል ብሩሽ፤ ቡናው ሳይፈላ አለቀ።